«እና… ክፉው ዓይነት ነው?»

በታይሮይድ ካንሰር የምርመራ ወረቀት ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ እንደ «ፖዘቲቭ» የሚከነክነኝ የለም። ወረቀቱ ስለ እብጠቱ መጠን በሚሊሜትር፣ ስለ ዳር ድንበሩ፣ ስለ ተያዙት የአንገት ንፍፊቶች ብዛት በዝርዝር ያትትና መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት መስመር ያክላል፦ ብራፍ ቪ600ኢ፣ ፖዘቲቭ። የታመመው ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ ዘልሎ እዚያች መስመር ላይ ያርፋል። የሚጠይቀውም ሁልጊዜ ያንኑ ነው። «እና… ክፉው ዓይነት ነው?»

የተለመደው መልስ «ትንሽ ጠበቅ ያለ ነው» የሚል ነበር። ውሸት አይደለም፣ ግን ቆም ብለው ሲያዩት ብዙም አይናገርም። የታይሮይድ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለምና። ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ፓፒላሪ የሚባለው ነው፤ አብዛኛው ሰው ታክሞ ይድናል፣ ዕድሜ ጠግቦ በሌላ ምክንያት ይሞታል። በሌላው ጫፍ አናፕላስቲክ አለ፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፣ ግን በወራት ውስጥ ይገድላል። የሚገርመው፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ያንኑ የብራፍ ለውጥ ይዘው መገኘታቸው ነው። የዋሁንም ገዳዩንም የሚገልጽ አንድ ቃል ክፋትን እንዴት ይለያል?

1799ኛዋ ፊደል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ብራፍ 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘረመል ነው። በ1799ኛው ቦታ ያለችው የዲኤንኤ ፊደል ከቲ ወደ ኤ ስትለወጥ፣ ከዘረመሉ የሚሠራው ፕሮቲን 600ኛ ቦታው ላይ ቫሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ መያዙ ቀርቶ ግሉታሚክ አሲድ የተባለውን ይይዛል። «ቪ600ኢ» ማለት ይኸው ነው፤ ቪ የቫሊን፣ ኢ የግሉታሚክ አሲድ ምልክት።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ «እደግ፣ ተከፈል» የሚለው ትእዛዝ ከሕዋሱ ሽፋን ተነስቶ በቅብብል ወደ ውስጥ ይገባል፦ ራስ ለራፍ፣ ራፍ ለሜክ፣ ሜክ ለኤርክ። አራቱም የፕሮቲን ስሞች ናቸው፤ ብራፍ ከራፎቹ አንዱ ነው። ኤርክ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ «በቃ» ይላል፤ መስመሩም ይቀዘቅዛል። የተለወጠው ብራፍ ከላይ ትእዛዝ አይጠብቅም። ጤናማው ተጣምሮ ሲሠራ እሱ ለብቻው ይሠራል። «በቃ» የሚለውንም አይሰማም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የታይሮይድ ሕዋስ ሙያው አዮዲን ከደም ስቦ ሆርሞን መሥራት ነው። ይህ መስመር ሌት ተቀን ሲነድ ሕዋሱ ሙያውን ይረሳል፤ አዮዲን የሚያስገባው በርም ይዘጋል። ካንሰሩን ለማጥፋት የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚሠራው ደግሞ በዚያ በር ገብቶ ነው። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ትንሽ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሴሉሜቲኒብ የተባለ፣ ሜክን የሚያግድ መድኃኒት አዮዲን ለማይሠራላቸው 20 ሰዎች ተሰጠ፤ በ12ቱ ካንሰሩ አዮዲን የመሳብ አቅሙ ጨመረ፣ በ8ቱም ለሕክምና የሚበቃ ደረጃ ደረሰ። ከራስ ቤተሰብ አንዱ የሆነው ኤንራስ የተለወጠባቸው 5 ሰዎች ሁሉም ከእነዚህ 8 ውስጥ ነበሩ። ብራፍ የተለወጠባቸው ግን እዚያ ደረጃ የደረሱት ጥቂት ነበሩ። የብራፍ በር ጠንክሮ የተዘጋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሲሰሙት ክፉ ይመስላል። ነገር ግን በ2014 የወጣው የካንሰር ጂኖም አትላስ ጥናት 496 ፓፒላሪ ካንሰሮችን ሲፈትሽ የብራፍን ለውጥ 60 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ አገኘው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጡት ትንንሾቹም በብዛት ይዘውታል። የእነሱን ጠባይ ደግሞ እናውቀዋለን። በ1985 ፊንላንድ ውስጥ የ101 ሟቾች ታይሮይድ በስሱ እየተቆራረጠ ሲመረመር ከሦስቱ ከአንዱ በላይ ማንም ሳያውቀው የኖረ ትንሽ ፓፒላሪ ካንሰር ነበረው። በጃፓን ኮቤ የሚገኘው የኩማ ሆስፒታል ደግሞ ከ1993 ጀምሮ እነዚህን ትንንሾች ወዲያው ከመቁረጥ ይልቅ በአልትራሳውንድ ይከታተላል። በ10 ዓመት ውስጥ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያደጉት ከመቶ 8 ያህሉ ሲሆኑ፣ አዲስ የተያዘ ንፍፊት የታየባቸው ከመቶ 4 አይሞሉም።

ብራፍ ራሱ ክፋት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ታጋሽ ካንሰር ከየት ይመጣል?

ከ2.66 ወደ 1.21

ሐሳቤን ያዞሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በ2013 ከ16 የሕክምና ማዕከላት የተሰበሰቡ 1,849 የፓፒላሪ ታካሚዎች መረጃ ታተመ። ብራፍ ከተለወጠባቸው 845 ሰዎች 45ቱ በካንሰሩ ሞተዋል፤ 5.3 በመቶ። ካልተለወጠባቸው 1,004 ሰዎች የሞቱት 11 ናቸው፤ 1.1 በመቶ። አምስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ንባቡን ያቆማል።

ጥናቱ ግን ቀጠለ። ዕድሜ፣ ጾታና የሕክምና ማዕከል ከሒሳቡ ሲገቡ ብራፍ የተለወጠባቸው የመሞት አደጋ የሌሎቹን 2.66 እጥፍ ሆነ። ከዚያ የካንሰሩ ጠባይ ተጨመረ፦ ወደ ንፍፊት መድረሱ፣ የዕጢውን ሽፋን ጥሶ መውጣቱ፣ ወደ ሩቅ አካል መሠራጨቱ። ቁጥሩ ወደ 1.21 ወረደ፤ ያም በአጋጣሚ ከሚመጣ ልዩነት የማይለይ ነው።

ምን ማለት ነው? አንደኛው ንባብ ብራፍ ንጹሕ ነው፣ ከክፉዎች ጋር ቆሞ ተገኝቶ ነው የታሰረው ይላል። ሁለተኛው ንባብ ተቃራኒው ነው። ጎርፍ ቤት አፈረሰ እንበል። የፈረሰውን ግድግዳና የወደቀውን ጣሪያ ከሒሳብ አውጥተን «ታዲያ ጎርፉ ራሱ ምን አደረገ?» ብንል መልሱ «ምንም» ነው። ካንሰሩን ሽፋን ያስጣሰው፣ ንፍፊት ያስያዘው ብራፍ ከሆነ፣ ሥራውን ቀንሰን ስናበቃ ነጻ መውጣቱ ምን ይገርማል?

ይህ ዓይነት ጥናት ሁለቱን ንባቦች ለመለየት አይበቃም። ከብዙ ማውጣት ማውረድ በኋላ የተረዳሁት ግን ሌላ ነገር ነው፦ በሽተኛው ፊት ለተቀመጠ ሐኪም የትኛው ንባብ ትክክል እንደሆነ ከማወቁ በላይ ጥያቄው መቼ እንደተጠየቀ ማወቁ ይበልጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግድግዳው መፍረሱና አለመፍረሱ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ያኔ ብራፍ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ በእጅ ያለው በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና ብቻ ሲሆን፣ እነዚያ ምልክቶች ገና አይታዩም፤ ስለዚህ ዘረመሉ ፍንጭ የሚሰጥ ይመስላል። ግን ከ845ቱ 800ው በበሽታው እንዳልሞቱ አይረሳ። በዚህ ምልክት ብቻ ተነስቶ የ8 ሚሊ ሜትር እብጠት ያለበትን ሰው ሙሉ ታይሮይድ ማውጣት፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ሆርሞን ማስዋጥ፣ ለእኔ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። መልቀሙም ቢሆን ሁልጊዜ አይቻልም፤ የተጎዳ የድምፅ ነርቭ ወይም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት አራት ትንንሽ ዕጢዎች በቀላሉ አይመለሱም።

ድር ሲያብር

አንድ ሰው አይፈርድ፣ አንድ እንጨት አይነድ። የብራፍ ታሪክ መልክ የያዘው ሁለተኛው እንጨት ሲገኝ ነው። ስሙ ተርት ይባላል፤ 5ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ተርት የቴሎሜሬዝ ኢንዛይም ዋና ክፍል የሚሠራበት ዘረመል ነው። የክሮሞዞም ጫፎች ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ያጥራሉ፤ በጣም ሲያጥሩ ሕዋሱ መከፈል ያቆማል ወይም ይሞታል። ቴሎሜሬዝ ጫፎቹን እየጠገነ ዕድሜውን ያራዝማል። በአዋቂ ሰው አብዛኛው ሕዋስ ውስጥ ተርት ተዘግቶ ነው የሚኖረው። በካንሰር የሚታየው ለውጥ የሚያርፈው ፕሮቲኑን በሚጽፈው ክፍል ላይ አይደለም፤ ከመነሻው 124 ወይም 146 ፊደል ቀደም ብሎ ባለው ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ነው። በሁለቱም ቦታ ሲ ወደ ቲ ይለወጣል፤ ሲ228ቲ እና ሲ250ቲ ይባላሉ። በ2013 በመጀመሪያ በቆዳ ካንሰር፣ በዚያው ዓመት በታይሮይድም ተገለጡ።

የለውጡ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። አዲሷ ፊደል ኢቲኤስ ለሚባል የፕሮቲን ቤተሰብ ቀድሞ ያልነበረ ማረፊያ ትፈጥራለች። እነዚያን ፕሮቲኖች የሚያነቃው ማን ነው? ብራፍ ያለማቋረጥ የሚያነድደው ያው የቅብብል መስመር። አንዱ በሩን ይከፍታል፣ ሌላው በበሩ የሚገባውን ይልካል። ብራፍ ብቻውን «ተከፈል» ሲል የሕዋሱ ዕድሜ ማለቁ አይቀርም፤ ተርት ብቻውን ሲለወጥ የሚገፋው ያጣል። ሲገናኙ የሚከፈልም የማይሞትም ሕዋስ ይወጣል።

ቁጥሮቹ ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ2014 በታተመ የ507 ታካሚዎች ጥናት ሁለቱም ለውጦች ከሌሉባቸው በሽታው ያገረሸባቸው 8.7 በመቶ ሲሆኑ ሁለቱም ካሉባቸው 68.6 በመቶ ሆነዋል። ከአናፕላስቲክ ካንሰሮች ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚሆኑት የተርት ለውጥ አላቸው፤ ብዙዎቹም የተበላሸ ሕዋስን የሚያስቆመውን ቲፒ53 አጥተዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ለበጎ ኅብረት የተተረተ ቢሆንም ካንሰርም ይጠቀምበታል።

ስለዚህ ወረቀቱ «ብራፍ ፖዘቲቭ» ሲል የእኔ ቀጣይ ጥያቄ «ተርትስ?» ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ባዶ ነው። ባዶ የሚሆንበትም ምክንያት አለው።

«አልተገኘም» እና «አልታየም»

የመጀመሪያው ምክንያት ምርመራው እዚያ ቦታ አለመድረሱ ነው። ብዙ የዘረመል ምርመራዎች የሚያነቡት ፕሮቲን የሚጽፈውን ክፍል ብቻ ነው፤ የተርት ማብሪያ ከዚያ ውጭ ነው። ቢካተትም እንኳ ቦታው በጂ እና በሲ ፊደላት የታጨቀ ስለሆነ ለንባብ ቅጂውን ማባዛት ያስቸግራል፤ ማሽኑ ሌላውን ሺህ ጊዜ አንብቦ ይህን ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊያነብ ይችላል። ውጤቱ ላይ «አልተገኘም» ተብሎ ሲጻፍ ስንት ጊዜ ተነበበ ብሎ መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም።

ሁለተኛው ፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ናሙናውን ከመበስበስ ያድነዋል፤ ሲ የተባለችውን ፊደል ግን ያበላሻታል፣ ማሽኑም ቲ አድርጎ ያነባታል። የተርት ሁለቱም ለውጦች ደግሞ ከሲ ወደ ቲ ናቸው! የፎርማሊን ስህተትና እውነተኛው ክፋት አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ስለዚህ 10 በመቶ የተመጣጠነ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት እንጂ ሳምንት የሰነበተ ናሙና አይመከርም። ማባዛቱ ከመጀመሩ በፊት የተበላሸችውን ፊደል ቆርጦ በሚያወጣ ኢንዛይም ማጠብ፣ ደካማ ምልክት ሲታይም ከዚያው ናሙና አዲስ ዲኤንኤ አውጥቶ መድገም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የናሙናው ንጽሕና ነው። ለውጡ ከሁለቱ የዘረመል ቅጂዎች በአንዱ ላይ ብቻ ስለሚገኝ፣ ከናሙናው ሕዋሳት 20 በመቶው ካንሰር ቢሆኑ የተለወጠው ፊደል የሚሆነው 10 በመቶ ብቻ ነው። ነባሩ፣ ሳንገር የሚባለው የዲኤንኤ ንባብ ዘዴ ከ15 እስከ 20 በመቶ ካልሞላ አያየውም። የታይሮይድ ካንሰር አጠገብ ብዙ ጊዜ ብግነት ስላለ ነጭ የደም ሕዋሳት ናሙናውን ያቀጥኑታል። ፓቶሎጂስቱ ካንሰሩ የበዛበትን ቦታ መስታወቱ ላይ አክብቦ ከዚያ ብቻ እንዲፋቅ ማድረግ ርካሽና ውጤታማ መፍትሔ ነው። ከአጥንት የተወሰደ ወይም ካልሲየም የተጋገረበት ናሙና በጠንካራ አሲድ እንዲለሰልስ ከተደረገ ግን ዲኤንኤው አብሮ ያልቃል፤ ኢዲቲኤ የተባለው ለዘብ ያለ ኬሚካል ቀርፋፋ ቢሆንም ይሻላል።

ብራፍም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቪኢ1 የሚባለው የማቅለሚያ ፀረ-አካል ቪ600ኢን ብቻ ያያል። ኬ601ኢ የሚባል ሌላ የብራፍ ለውጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ረጋ ካሉት፣ ፎሊኩላር መልክ ካላቸው እብጠቶች ጋር ነው የሚገኘው። «ብራፍ ፖዘቲቭ» ብሎ የትኛው እንደሆነ የማይነግር ወረቀት ግማሽ ወረቀት ነው።

ራስ ስለሚባሉት ዘረመሎች ቤተሰብ ብዙ አልልም። ኤንራስ 61ኛው ቦታ ላይ ሲለወጥ ካንሰር ባልሆነ እብጠትም፣ ድንበሩን በጠበቀ የዋህ ቅርጽም፣ ወደ ሳንባና አጥንት በሚሄድ ፎሊኩላር ካንሰርም ውስጥ ይገኛል። ብቻውን ምንም አይፈርድም። እዚህም ተርት ሲጨመርበት ነው ነገሩ የሚከብደው።

አንዲት ፊደል የምትፈርድበት ቦታ

አንድ ዘረመል ብቻውን አይፈርድም ካልኩ በኋላ ራሴን የሚቃወም ነገር ማንሳት አለብኝ። ስሙ ሬት ነው፤ 10ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በአማርኛ ሲጻፍ መራራውን ተክል ማስታወሱ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ግን ይስማማዋል።

ሜዱላሪ የሚባለው ካንሰር የሚነሳው አዮዲን ከሚስቡት ሕዋሳት ሳይሆን ካልሲቶኒን የተባለውን ሆርሞን ከሚሠሩት ነው። ከአራቱ አንዱ ያህል በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ምክንያቱ የሬት ለውጥ መሆኑ በ1993 ታወቀ። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። የትኛው ፊደል መለወጡም በቀጥታ የሕክምናውን ቀን ይቆርጣል። 918ኛው ቦታ ላይ ሜቲዮኒን ወደ ትሪዮኒን የተለወጠበት ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው ታይሮይዱ እንዲወጣ ይመከራል። 634ኛው ቦታ ላይ ያለው ሲስቴይን ከተለወጠ አምስት ዓመት ሲሞላው ወይም ቀደም ብሎ። እንደ ቪ804ኤም ባሉት ረጋ ያሉ ለውጦች ደግሞ ካልሲቶኒንን እየለኩ መጠበቅ ይቻላል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ይህ ለውጥ ካንሰሩ ውስጥ ሳይሆን ሰውየው ሲፀነስ ጀምሮ በሁሉም ሕዋሱ ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከደም ይወሰዳል። «በቤተሰባችን ማንም የለበትም» የሚለውም ከምርመራው አያድንም፤ የ918ኛው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ ሳይመጣ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚነሳ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ደግሞ ከኩላሊት በላይ ባሉት ዕጢዎች ላይ ፊዮክሮሞሳይቶማ የተባለ፣ የደም ግፊት የሚያስነሳ ሆርሞን የሚያመነጭ እብጠት አለመኖሩ የሆርሞኑን ርዝራዥ፣ ሜታኔፍሪንን፣ በመለካት ይረጋገጣል። ይህ ተዘልሎ ማደንዘዣ ከተሰጠ የደም ግፊቱ በድንገት ሊፈናጠር ይችላል።

ይህን ከሌላው ዓይነት የውርስ ልዩነት ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። በ2009 በአይስላንድ ሕዝብ ላይ የተሠራ ጥናት በ9ኛውና በ14ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ፎክስኢ1 እና ኤንኬኤክስ2-1 በሚባሉት ዘረመሎች አጠገብ፣ ብዙ ሰው የሚሸከማቸው ልዩነቶች በታይሮይድ ካንሰር የመያዝን ዕድል ከፍ እንደሚያደርጉ አሳየ። በካንሰሩ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ከተያዙ በኋላ የካንሰሩ ጠባይ ሌላ። በምራቅ ምርመራ «አደጋዎ ከፍ ያለ ነው» የተባለ ሰው ስለ ሁለተኛው የሰማው ነገር የለም።

ዕድሜም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዕድሜ በገፋ ቁጥር በፓፒላሪ የመሞት አደጋ የሚጨምረው ብራፍ በተለወጠባቸው ላይ ነው፤ ባልተለወጠባቸው ላይ መስመሩ ብዙም አይነሳም። ሕፃናት ደግሞ ነገሩን ይገለብጡታል። በእነሱ ዘንድ የሚበዛው ነጠላ ፊደል መለወጥ ሳይሆን የሁለት ዘረመሎች ተቆርጦ መገጣጠም ነው፤ ከ1986ቱ የቼርኖቢል አደጋ በኋላ በታመሙት ልጆች የታየውም ይኸው ነው። ካንሰራቸው ንፍፊትና ሳንባ ደርሶ ይገኛል፣ ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። መሠራጨትና መግደል አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ያው ቃል፣ ሌላ ክፍል

አንገታቸው በሳምንታት ውስጥ ያበጠ፣ ድምፃቸው የጎረነነ፣ መዋጥ የከበዳቸው አንድ አዛውንት መጡ እንበል። ናሙናው አናፕላስቲክ ነው ይላል። እዚህ ክፍል ውስጥ «ክፉው ዓይነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱ ዓይን ላይ ነው። ድሮ የታካሚዎቹ ግማሽ በአምስት ወር ገደማ ውስጥ ያልፉ ነበር።

ብራፍ ግን እዚህም ይመረመራል፣ ያውም በጥድፊያ። የቪኢ1 ማቅለሚያ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሙሉው የዘረመል ንባብ ጎን ለጎን ይላካል፣ የመተንፈሻ ቱቦው በየቀኑ ይታያል፣ ምክንያቱም ሳምንታት የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የተባሉት ክኒኖች አብረው፣ አንዱ የተለወጠውን ብራፍ፣ ሌላው ከሥሩ ያለውን ሜክ ያግዳሉ። በ2018 በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ተፈቀዱ። ይህ ለውጥ በነበረባቸው 36 ታካሚዎች ላይ በተደረገው ሙከራ በ56 በመቶው ካንሰሩ በግልጽ ቀነሰ፤ ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ከ14.5 ወር በላይ ኖሩ። ዛሬ በአንዳንዶቹ ላይ ሊወጣ የማይችል የነበረው እብጠት ቀንሶ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ የሚፈለገው ቃል «ፖዘቲቭ» ነው።